በጋራ የሚጠበቅ ዓሣ እንዴት ይቆጠራል?
ስለ ጣና ዓሣ አስተዳደርና ስለ መረጃው አሰባሰብ አጭር ማብራሪያ

ከአዲስ ዘመን ከተማ በላይ ወዳለው ወደ ጣራ ገዳም የሚወጣ ሰው አስቀድሞ የሚያስተውለው የደኑን ዳርቻ ነው። ወይራውና ሌላው አገር በቀል ዛፍ ከሚያበቃበት ላይ የባላገሩ እርሻ ይጀምራል። ገዳሙና የአካባቢው ሕዝብ ደኑን ምን ያህል እንደ ጠበቁት ለማወቅ የሚፈልግ ተማሪ በእግሩ ዞሮ የተቆረጠውን ጉቶ ሊቆጥር፣ የበቀለውንም ችግኝ ሊያይ ይችላል። ከዚያ ከፍታ ወደ ደቡብ ምዕራብ ቁልቁል ሲወረድ የፎገራ ሜዳ፣ ከሜዳውም ማዶ የጣና ሐይቅ ይገኛል። በሐይቁ ውስጥ ያለው ዓሣም እንደ ደኑ ሁሉ የብዙ ሰዎች የጋራ ሀብት ነው። ነገር ግን የተያዘ ዓሣ ጉቶ አይተውም። ትናንት ስንት እንደ ነበረ፣ ዛሬ ስንት እንደ ቀረ በዓይን አይታወቅም።

በዚህ ጽሑፍ ልናብራራ የምንሞክረው ከዚህ የሚነሣውን ጥያቄ ነው። መንግሥትና ዓሣ አስጋሪዎች አንድ ላይ ሆነው ዓሣን ሲያስተዳድሩ፣ አስተዳደራቸው መልካም ውጤት ማምጣቱ ወይም አለማምጣቱ በምን ይታወቃል? ለዚህስ ምን ዓይነት መረጃ፣ በማን እጅና እንዴት ሆኖ ሊሰበሰብ ይገባል? ጥያቄው የሒሳብ ሰዎች ጉዳይ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም ከመረጃ ጉድለት የተነሣ ጥሩ ደንብ ይሻራል፤ መጥፎውም ይጸናል፤ አንድ መንደርም ያላጠፋውን ጥፋት ይሸከማል። ስለዚህ ጉዳዩ የእንጀራና የፍርድ ጉዳይ ጭምር ነው።

1. የጋራ አስተዳደር ምን ማለት ነው?

የጋራ ሀብትን ለመጠበቅ በዓለም ላይ የታወቁት መንገዶች በሦስት ሊከፈሉ ይችላሉ። አንደኛው መንግሥት ብቻውን ሕግ አውጥቶ፣ ብቻውን ዘበኛ አቁሞ የሚጠብቅበት ነው። ሁለተኛው ተጠቃሚዎቹ በልማዳቸውና በመሐላቸው ራሳቸው የሚጠብቁበት ነው። ሦስተኛው የሁለቱ ቅልቅል ሲሆን፣ የጋራ አስተዳደር የምንለው ይህንኑ ነው። መንግሥት ሕጉንና ዕውቅናውን ይሰጣል፤ አስጋሪዎቹም ተሰብስበው በየትኛው ቦታ፣ በየትኛው ወቅት፣ በምን ዓይነት መረብ ይሰገር የሚለውን ይወስናሉ፤ ውሳኔውንም ራሳቸው ያስከብራሉ።

አሜሪካዊቷ ምሁር ኤሊኖር ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ተጠቃሚዎች ራሳቸው ባወጡት ደንብ የጋራ ሀብታቸውን ለረዥም ዘመን ሊጠብቁ እንደሚችሉ ከብዙ አገሮች ምሳሌ እየጠቀሱ አስረድተዋል። በዚህም ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2009 በኤኮኖሚክስ የኖቤልን ሽልማት ተካፍለዋል። ከዘረዘሯቸው ሁኔታዎች አንዱ፣ ሀብቱን እየተመለከተ የሚቆጣጠረው ሰው ለተጠቃሚዎቹ ተጠያቂ መሆን ወይም ከመካከላቸው መውጣት ይገባዋል የሚል ነው። ይህ ነገር ወደ ኋላ ስለሚያስፈልገን አንባቢ እንዲያስታውሰው እንለምናለን።

በአገራችን የፌዴራሉ መንግሥት የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315ን በ1995 ዓ.ም. አውጥቷል። የአማራ ክልልም ብዙም ሳይቆይ የራሱን የዓሣ ሀብት አዋጅ አውጥቶ ተከትሏል። ሕጎቹ በመርዝና በፈንጂ ዓሣ መያዝን ይከለክላሉ፤ ለንግድ የሚያሰግረውም ሰው ፈቃድ እንዲኖረው ያዝዛሉ። ይሁን እንጂ አዋጁ ወረቀት ነው፤ ወንዝ አፍ ላይ በሌሊት መረብ የሚዘረጋውን ሰው የሚያየው ጎረቤቱ እንጂ አዋጁ አይደለም። የጋራ አስተዳደር የተፈለገውም በዚሁ ምክንያት ነው።

2. የጣና ዓሣ ከደጋው ጋር ያለው ዝምድና

ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ሐይቅ ቢሆንም ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ በሆነበት ቦታ እንኳ ወደ 14 ሜትር ያህል ነው። ለገበያ የሚቀርበው ዓሣ በሦስት ይመደባል፤ እነርሱም ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ናቸው። ነጭ ዓሣ ተብሎ በአንድ ስም የሚጠራው ግን አንድ ዘር አይደለም። ሌኦ ናገልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ የተባሉ የሆላንድ ተመራማሪዎች በጣና ብቻ የሚገኙና በሌላ ቦታ የማይታወቁ ከ15 ያላነሱ ዘሮች እንዳሉበት ለይተው አሳይተዋል።

ከነዚህ ዘሮች ብዙዎቹ በክረምት ከሐይቁ ይወጣሉ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ወንዙን ሽቅብ ይዋኙና ጠጠርና ንጹሕ ፈሳሽ ውኃ ካለበት ደርሰው ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። በምሥራቅ በኩል ከሚያስተናግዷቸው ወንዞች ዋነኞቹ ርብና ጉማራ ናቸው። ሁለቱም ከጉና ተራራ አካባቢ እየተነሡ፣ የደብረ ታቦርንና የፋርጣን ደጋ ውኃ ሰብስበው፣ በፎገራ ሜዳ በኩል ወደ ጣና ይገባሉ። ስለዚህ ዓሣ በልቶ የማያውቅ የጉና ሥር ገበሬ እንኳ በማረሻውና በመስኖው የዓሣውን መራቢያ የሚነካ ሰው ነው።

ዓሣው በዚህ ጉዞ ላይ ሳለ ለጥፋት የተጋለጠ ነው። በወንዙ አፍ መረብ ሲዘረጋበት ገና ያልወለደው ይያዛል። ከወንዙ በላይም የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውኃው ውስጥ ሲጨመር ትልቁም ትንሹም አንድ ላይ ይደነዝዛል። ብርብራ ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ ከአባቶች የመጣ ዘዴ ነው። ልዩነቱ ድሮ ለጓዳ የነበረው አያያዝ ዛሬ ለገበያ መሆኑና የሚይዘው ሰው ቁጥርም መብዛቱ ነው።

በሐይቁ ላይም እንዲሁ ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 1986 ድረስ በጣና የነበረው አሰጋገር በደንገል ታንኳ፣ በዳር በዳሩ የሚካሄድ ነበር። በዚያ ዓመት በሆላንድ ርዳታ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ገባ፤ በባሕር ዳር የአስጋሪዎች ማኅበርም ተቋቋመ። ከሞተሩ ጋር አንድ ሌላ ጠቃሚ ነገር አብሮ መጣ፤ ይኸውም መመዝገብ ነው።

ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1993 በባሕር ዳር ሰላጤ ዓሣውን በየጊዜው በመረብ እየጎተቱ ቆጠሩ። ከዚያም እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2001 እንደገና ቆጠሩ። ሁለቱ መዝገቦች ሲተያዩ በወንዝ የሚራቡት ነጭ ዓሦች በክብደት 75 ከመቶ፣ በቁጥር 80 ከመቶ ያህል ቀንሰው ተገኙ። ማርቲን ደ ግራፍና ባልደረቦቻቸው ይህንን እ.ኤ.አ. በ2004 ሲያሳትሙ፣ ከሁሉ የሚመስለው ምክንያት ለመራባት የሚሰበሰበው ዓሣ በመረብና በብርብራ መጥፋቱ ነው ሲሉ ደምድመዋል።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባን የአኀዙን ማስደንገጥ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ቆጠራ ባይደረግ ኖሮ የሁለተኛው ትርጉም አይኖረውም ነበር። ሽማግሌዎች ድሮ ዓሣ ብዙ ነበር ይላሉ፤ እውነትም ይላሉ። ነገር ግን ስንት እጅ እንደ ጎደለ፣ የትኛው ዘር እንደ ጎደለ፣ ከየትኛው ዓመት ጀምሮ እንደ ጎደለ ያወቅነው ከመዝገቡ ነው።

3. የተያዘው ክብደት ብቻውን አይናገርም

አስተዳደርን ለመመዘን የሚነሣ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት ኪሎ ተያዘ ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ ብቻውን ያሳስታል። ለማስረዳት ያህል ብቻ አንድ የሐሳብ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ማኅበር በመጀመሪያው ዓመት በ10 ጀልባ 1,000 ኪሎ ያዘ እንበል። በሁለተኛው ዓመት 1,200 ኪሎ ያዘ፤ ጀልባዎቹ ግን 20 ሆነዋል። ጠቅላላውን ብቻ ያየ ሰው ዓሣው በዛ፣ አስተዳደሩም ሠራ ይላል። ለአንድ ጀልባ የደረሰውን ያሰላ ግን ከ100 ኪሎ ወደ 60 ኪሎ መውረዱን ያያል። በመጀመሪያው ሰው ቤት ደስታ፣ በሁለተኛው ቤት ሐዘን አለ፤ መዝገቡ ግን አንድ ነው።

ስለዚህ ከዓሣው ጋር ድካሙም ይቆጠር። ድካም ስንል ጀልባው ሞተር ነው ወይስ ታንኳ፣ መረቡ ስንት ነው፣ የመረቡ ዓይን ስፋት ምን ያህል ነው፣ ስንት ሰዓት በውኃ ውስጥ አደረ ማለታችን ነው። መረቡ ከጥጥ ወይም ከናይሎን የተገመደ ነው ወይስ ከነጠላ የፕላስቲክ ክር የተሠራው ርካሹ ዓይነት ነው የሚለውም ይጻፍ። ዓሣው በዘር በዘሩ ይለይ፤ ቀረሶው ሲበዛ የነጭ ዓሣውን መጥፋት ሊሸፍነው ይችላልና። ርዝመቱም ይለካ፤ የሚያዘው ዓሣ ከዓመት ወደ ዓመት እያጠረ ከሄደ፣ ክብደቱ ባይቀንስም እንኳ ሳይወልድ እየተያዘ መሆኑን ያመለክታል።

በአገራችን ደግሞ ሌላ አገር የተጻፈ መመሪያ የማያስበው ነገር አለ፤ እርሱም ጾም ነው። በዓቢይ ጾም የዓሣ ፈላጊ ይበዛል፤ ዋጋው ይወጣል፤ ሌላ ጊዜ የማያሰግረውም ሰው መረብ ይዞ ይወርዳል። ዓቢይ ጾም በየዓመቱ ቀኑ ስለሚለዋወጥ፣ የዘንድሮውን የካቲት ካምናው የካቲት ጋር ብቻ የሚያነጻጽር ሰው የጾሙን ለውጥ የዓሣው ለውጥ አድርጎ ይወስዳል። መዝገቡ ከወሩ ስም ጋር ጾም ወይም ፍስክ የሚል ምልክት እንዲኖረው የምንለው ስለዚህ ነው።

4. በፊትና በኋላ፤ እዚህና እዚያ

አንድ ደንብ መሥራቱን ለማወቅ ሁለት ዓይነት ንጽጽር ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ደንቡ ከመውጣቱ በፊት የነበረውን ከወጣ በኋላ ካለው ጋር ማስተያየት ነው። ነገር ግን ይህ ብቻውን አይበቃም። በርብ ወንዝ ላይ ግድብ ተሠርቷል። በፎገራ ሜዳ ሩዝና የመስኖ ፓምፕ ተስፋፍቷል። ከወንዞቹ ውስጥ ለግንብ ሥራ አሸዋ ይወጣል። በሐይቁም ላይ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ እምቦጭ ታይቷል። እነዚህ ሁሉ ዓሣውን ሊነኩ ይችላሉ።

እንግዲህ አንድ የርብ ዳር መንደር በክረምት መረብ አልዘረጋም፣ ብርብራም አልጨመረም እንበል። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲቆጠር ዓሣው ቀንሶ ቢገኝ ምን እንላለን? የዓሣውን ቁጥር ብቻ የያዘ መዝገብ ደንቡ አልሠራም ይላል፤ ምናልባትም ሰዎቹ ደንቡን አልጠበቁም ይላል። የውኃውን መጠን፣ የአሸዋውን መውጣትና የደንቡን መከበር ጭምር የያዘ መዝገብ ግን ሰዎቹ ቃላቸውን ጠብቀው ሳለ ውኃው ከላይ እንደ ጎደለባቸው ሊያሳይ ይችላል። ያልተመዘገበ ጥፋት ሁልጊዜ የሚወድቀው አቤቱታ ለማቅረብ አቅም በሌለው ሰው ላይ ነው።

ሁለተኛው ንጽጽር የሚያስፈልገው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ይኸውም ደንቡ ያለበትን ቦታ ደንቡ ከሌለበት ጋር ማስተያየት ነው። ለጣና ይህ አስቸጋሪ አይደለም፤ ከርብና ከጉማራ ሌላ መገጭ፣ ድርማ፣ አርኖ ጋርኖና ገልዳ ወደ ሐይቁ ይገባሉ። በአንዱ ወንዝ ላይ ብቻ የታየ ለውጥ የዚያ ወንዝ ጉዳይ ነው። በሁሉም ላይ አንድ ላይ የታየ ለውጥ ግን ምክንያቱ ከአንድ መንደር ደንብ ውጭ ሊሆን ይችላል። እርግጥ ነው ሁለት ወንዞች ፍጹም እኩያ አይደሉም፤ ስለዚህ ልዩነታቸው አስቀድሞ መጻፍ አለበት።

5. ማን ይቁጠር?

ለዚህ ጥናት የመጀመሪያውን ቅጽ ስናዘጋጅ፣ በሳምንት ስንት ኪሎ ይይዛሉ የሚል ጥያቄ አስገብተን ነበር። አንድ አዛውንት አስጋሪ ቅጹን እንድናነብላቸው ጠየቁንና፣ ዓሣውን በፍሬ እንጂ በኪሎ እንደማይሸጡ ነገሩን። ቀጥለውም ይህን ወረቀት ማን ያነበዋል፣ ግብር ሰብሳቢው ነው ወይስ ሌላ ብለው ጠየቁን። እኛም ለመጀመሪያው ጥያቄ ስሕተታችንን አመንን፤ ለሁለተኛው ግን የተዘጋጀ መልስ አልነበረንም። ከሁሉ የሚብሰው ጉድለታችን ይህ ሁለተኛው ነበር።

የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 በጋራ ለሚተዳደሩ ዓሣ ማስገሪያዎች የመረጃ አሰባሰብ መመሪያ አሳትሟል። ዋና ምክሩ፣ መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት ማን ለየትኛው ውሳኔ እንደሚያስፈልገው ይጠየቅ፤ የተገኘውም ነገር ለባለ ድርሻዎቹ ሁሉ ይካፈል የሚል ነው። ሰው ወዴት እንደሚሄድ ለማያውቀው ወረቀት እውነቱን አይናገርም። ግብር የፈራ ያሳንሳል፤ ርዳታ የሚጠብቅ ያበዛዋል ወይም ችግሩን ያከብደዋል። ስለዚህ የሚሰበሰበው መረጃ ለግብርና ለቅጣት እንደማይውል አስቀድሞ በግልጽ ስምምነት መወሰን አለበት።

ከዚህ በመነሣት፣ ዕለታዊውን መዝገብ አስጋሪዎቹ ራሳቸው ቢይዙት የተሻለ ነው ብለን እናምናለን። ማንበብና መጻፍ የሚችል የአስጋሪ ልጅ በየወደቡ አይጠፋም። ሚዛን ባይኖር ምልክት የተቀረጸበት በትር ርዝመቱን ይለካል፤ ዓሣው በፍሬ ይቆጠራል። ተማሪው ወይም የግብርና ባለሙያው ደግሞ በየወሩ ባልታሰበ ቀን ወርዶ ጥቂቶቹን ራሱ ለክቶ ከመዝገቡ ጋር ያመሳክር። ኦስትሮም ተቆጣጣሪው ከተጠቃሚዎቹ መካከል ይሁን ያሉት እዚህ ላይ ይሠራል። ሌላም ምክንያት አለ፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በደረሰው ግጭት እንደታየው፣ ከከተማ የሚመጣ መዝጋቢ መንገድ ሲዘጋ ይቀራል። በወደቡ የሚያድር መዝጋቢ ግን በቦታው አለ።

ለዚህ አሠራር ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ኬንያ፣ ዑጋንዳና ታንዛኒያ በሚጋሩት በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ በየወደቡ የአስጋሪዎች ኮሚቴዎች ተቋቁመዋል፤ ሦስቱ አገሮችም እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ጀልባውን፣ መረቡንና አስጋሪውን በየጊዜው አንድ ላይ ይቆጥራሉ። ዓሣውን መቁጠር ቢከብድ መረቡን መቁጠር ይቻላል ማለት ነው።

6. ከዓሣው ሌላ የሚቆጠረው

አስተዳደሩ የተቋቋመው ለሰው ነውና ሰውም ይቆጠር። በዚህ ረገድ ሦስት ነገሮች እንዲመዘገቡ እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ኑሮ ነው። አስጋሪው ከዓሣው የሚያገኘው ገቢ፣ የመረቡና የነዳጁ ወጪ፣ በክረምት ማስገር ሲከለከልም በምን እንደሚተዳደር ይጠየቅ። በክልከላው ወራት የሚበላው የሌለው ሰው ደንቡን ያፈርሳል፤ ጥፋቱም የደንቡ ጭምር ነው።

ሁለተኛ፣ የደንቡ መከበር ነው። ስንት ስብሰባ ተደረገ ብቻ ሳይሆን ስንት ጥፋተኛ ተገኘ፣ ምን ተፈረደበት፣ ፍርዱስ ተፈጸመ ወይ ይባል። ሪፖርት ላይ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ የተሰጠው ሥልጠናና የተካሄደው ስብሰባ ቁጥር ነው። ይህ የድካም ቁጥር እንጂ የፍሬ ቁጥር አይደለም።

ሦስተኛ፣ የድርሻ እኩልነት ነው። በጣና ዳር የሚኖሩት ነገደ ወይጦ የደንገል ታንኳን በመሥራትና በማስገር ኑሯቸውን ሲመሩ ኖረዋል፤ ሞተርና ፈቃድ ያለው ማኅበር ሲቋቋም ግን እነርሱን የመሰሉ ሰዎች ከጉባኤው ውጭ ሊቀሩ ይችላሉ። ዓሣውን ፈልፍለው የሚሸጡ ሴቶችም እንደዚሁ ናቸው። የማኅበሩን አባል ብቻ የጠየቀ መዝገብ የማኅበሩን ምቾት ብቻ ያገኛል። ከዚህም ጋር የጉማራና የርብ ላይኛው ተፋሰስ ገበሬ ከጉባኤው ጭራሽ የለም። ውኃውን የሚይዘው ሰው ያልተቀመጠበት ጉባኤ የዓሣውን ግማሽ ብቻ ያስተዳድራል።

እ.ኤ.አ. በ2011 ከልዩ ልዩ አገሮች 130 በጋራ የሚተዳደሩ ዓሣ ማስገሪያዎችን የመረመረ ጥናት ታትሞ ነበር። ከሁሉ በላይ ለመሳካት የረዳው ጠንካራ የአካባቢ መሪ መኖሩ እንደ ሆነ ገልጧል። እንግዲህ ጥሩ መሪ መኖር አለመኖሩም ሊጠየቅ የሚገባው መረጃ ነው፤ በሚዛንና በበትር ባይለካም ሰዎች ይናገሩታል።

ማጠቃለያ

ከላይ የተናገርነው ሲጠቃለል እንዲህ ነው። ዓሣው ከድካሙ ጋር ይቆጠር፤ ዘሩና ርዝመቱ ይለይ። ቆጠራው ደንቡ ከመውጣቱ በፊት ይጀመር፤ ደንብ ከሌለበት ቦታም ጋር ይተያይ። በውኃው ላይ የሚደርሰው ሌላ ነገር አብሮ ይጻፍ። መዝገቡን ባለቤቶቹ ይያዙት፤ ውጤቱም በየዓመቱ ተመልሶ በወደቡና በደጋው ጉባኤ ላይ በአማርኛ ይነበብ። ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ደብተር፣ በትርና የማይሰለች ሰው ይጠይቃል።

የመምህራንና የተማሪ ጓደኞቻችን ድርሻ ከዚህ ላይ ይታየናል። በደብረ ታቦርና በባሕር ዳር በየዓመቱ ብዙ የመመረቂያ ጥናት ይጻፋል። እያንዳንዱ ተማሪ አዲስ ቅጽ፣ አዲስ ቦታና አዲስ ጥያቄ ይዞ ከሚወርድ፣ አንዱ የጀመረውን መዝገብ ሌላው በዚያው ወደብና በዚያው ቅጽ ቢቀጥለው በአሥር ዓመት ውስጥ አንድም ሰው ብቻውን ሊጽፈው የማይችል መጽሐፍ ይገኛል። ስሕተት ያገኘብን አንባቢ ቢያርመን ደስ ይለናል። እነዚያ አዛውንት አስጋሪ የጠየቁንን ግን አሁን ልንመልስላቸው እንችላለን፤ ወረቀቱን መጀመሪያ የሚያነቡት እርስዎና ጎረቤቶችዎ ናችሁ።